ዮሴፍን የሸጡት ወንድሞቹ ናቸው፤ በእኛ ጉባኤስ?

ዘኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እየጻፍኩ አጠፋለሁ፣ ደግሞ እጀምራለሁ።

ጽዋ ማኅበራችን ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ዝክር የማታጓድል፣ የታመመ የምትጠይቅ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እጇ የማያጥር ሰው ነበረች። ልጆችን ወደ ዓረብ አገር "ታወጣለች" ይባል ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ልትሄድ ስትል እናቷ እኔ ጋ መጣች። "ሴትየዋን ታውቂያታለሽ ወይ?" አለችኝ። "እንዴ፣ የማኅበራችን አይደለች? እግዚአብሔርን የምትፈራ ሰው ናት" አልኳት። እናትየው በሳምንቱ ላሟን ሸጠች።

ልጅቷ 17 ዓመቷ ነበር፣ ፓስፖርቷ ላይ 24 ሆነች። ዱባይ ተብላ ቤሩት ገባች። ያኔ ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ ክልክል ስለነበር በሌላ አገር አዙረው ነበር የሚያስገቧቸው፣ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ፓስፖርቷን ማዳሟ ወሰደች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ "የወጪሽ ነው" ተብሎ ቀረ። ስልክ ተከለከለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አልሰማንም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ አሠሪዎች ሴቶቻችንን በመኪና እያመጡ ቤሩት ያለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዜናውን አይታችሁ ይሆናል። ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ ከተኙት አንዷ እሷ ነበረች። ዛሬ ቤቷ ናት። በር ሲንኳኳ ግን አሁንም ጓዳ ትገባለች።

እናቷ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። እሱ ነው የሚከብደኝ።

በቅርቡ ዘፍጥረት 37ን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ሁልጊዜ የማስበው ዮሴፍ የተሸጠበትን ሃያ ብር ነበር። ለካ ከዚያ በፊት፣ ጉድጓድ ውስጥ ከጣሉት በኋላ፣ ወንድሞቹ እንጀራ ሊበሉ ተቀምጠዋል። ልጁ ታች ነው፣ እነሱ ላይ ይበላሉ። ይለምናቸው እንደነበር እንኳ እዚያ ቦታ አልተጻፈም። የምንሰማው ምዕራፍ 42 ላይ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ግብፅ ውስጥ ሲጨንቃቸው ራሳቸው ያወጡታል። ነፍሱ ተጨንቃ ሲለምነን አይተን አልሰማነውም ይላሉ። እኔም ልጅቷ ቤሩት ተዘግቶባት በነበረበት ጊዜ ከዚያች ሴት ጋር በአንድ ጽዋ ጠጥቻለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በእናንተ አጥቢያ፣ በእናንተ ኅብረት ይህ ነገር አለ? ስታውቁ ምን አደረጋችሁ? አጽናኑኝ አላልኩም፣ ያደረጋችሁትን ንገሩኝ።

ሰባት ዓመት ሪያድ

እህቴ፣ አንብቤ አለቀስኩ። እኔም በኮንትራት ነው የሄድኩት። መክተቡ፣ ማለት እዚያ ያለው የአገናኝ ቢሮ፣ ተቀብሎ ለከፊሉ፣ ለአሠሪዬ ማለት ነው፣ አስረከበኝ። "አስረከበኝ" ስል ልክ እንደ ዕቃ ፈርሞ ነው። የመጀመሪያው ቤት ክፉ ነበር፣ ሁለተኛው ቤት ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሰው ነበሩ፣ እናታቸው ስትሞት አብሬ ነው ያለቀስኩት። ግን ሕይወትሽ በሚደርስሽ ሰው ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ችግሩ እሱ ነው። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት መኖሪያ ፈቃድሽን ከአሠሪሽ ጋር ያስረዋል። ሳያስፈቅዱ ከቤቱ ከወጡ "ሁሩብ"፣ ኮብላይ ማለት ነው፣ ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያ በኋላ ወንጀለኛዋ አንቺ ነሽ። ደመወዝ የከለከለሽ ሰው አይደለም።

የሚጸለይበት ቤተ ክርስቲያን የለም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ነበር የምጸልየው፣ ውኃው ድምፄን እንዲሸፍንልኝ። መጥታ "ውኃ ታባክኛለሽ" ብላ የምትቆጣ ማዳም ነበረችኝ። እና አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስመለስ ያጥቢያዬ ሰው የጠየቀኝ "ስንት ይዘሽ መጣሽ?" ብሎ ነው። "እንዴት ነበርሽ?" ያለኝ አልነበረም።

የሐይቅ ሰው

ሐዘናችሁ ይገባኛል፣ ግን ሌላውንም ወገን አንሱት። ታላቅ እህቴ በባሕር ነው የሄደችው። በጋላፊ ወጥታ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። ለደላላ የከፈልነውን አባቴ በአራጣ ተበድሮ ነው። ዛሬ የእኔን ልጆች የምታስተምር እሷ ናት። ሰው የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። መሬቱ ተቆራርሶ ተቆራርሶ ለአንድ ልጅ የማይበቃ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን "አትሂዱ" ብላ ብትሰብክ ማን ያበላቸዋል? መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2018 መጀመሪያ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር። ሰው ቀረ? አልቀረም፣ በባሕር ሄደ። የሚሄደውን ሁሉ ተሸጠ አትበሉብን። እህቴ አልተሸጠችም፣ ሠርታ ነው ያደረች።

ጠበቃ ነኝ

ወንድሜ የሐይቁ፣ ያነሳኸው ትልቅ ነጥብ ነው፣ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ራሱ ለይቶ ነው የሚያየው። አንዱ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። ከፍለህ ያሻግርሃል፣ ስትደርስ ትለያያላችሁ። ሌላው በሰው መነገድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው ሌላውን ይመለምላል፣ ያጓጉዛል ወይም ያስጠልላል፣ ያንን የሚያደርገው በማታለል ወይም በማስገደድ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ነው፣ ዓላማውም ሊበዘብዘው ነው። ድንበር መሻገር የግድ አይደለም። ከወላይታ አዲስ አበባም ሊሆን ይችላል።

ችግሩ አንዱ መንገድ ላይ ሌላው ይሆናል። ከፍለኸው ያሻገረህ ሰውዬ የመን ዳርቻ ላይ ለሌላ ይሸጥሃል፣ ሆሽ፣ ማለት የታገቱ ሰዎች የሚዘጋባቸው ግቢ፣ ውስጥ ያስገቡሃል፣ ለቤተሰብህ ደውለው ጩኸትህን ያሰሟቸዋል። እህትህ ስላመለጠች እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያው ጀልባ የነበሩት ሁሉ ግን እንደሷ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሁለት ነገር ያዙልኝ። "ራሷ ፈቅዳ ነው የሄደችው" የሚል መከላከያ በዚህ ወንጀል አይሠራም። ተታልሎ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ማታለሉን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም፣ ልጁን ለብዝበዛ መመልመሉ ራሱ ይበቃል። የኮምቦልቻዋ እህቴ የነገረችን 17 ዓመትና 24 ዓመት ትልቅ ነገር ነው።

በሕግ ቋንቋ "በሰው መነገድ" የምንለውን ቃል ቅዱስ ጳውሎስም ተጠቅሞበታል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ላይ "በሰዎች የሚነግዱ"ን ከነፍሰ ገዳዮችና ከሐሰተኞች ጋር በአንድ ዝርዝር አስቀምጧቸዋል። ሃያ ዓመት ክርስቲያን ሆኜ ያንን ቃል በሥራዬ ምክንያት እስክፈልገው ድረስ አላየሁትም ነበር።

ከሆሳዕና

እኛ አካባቢ ዓረብ አገር ሳይሆን ደቡብ አፍሪካ ነው። በሞያሌ ወጥተው ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ እያለ ይቀጥላል። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፣ ስለራሳችን ነው የምናገረው። ወደ ደቡብ የሚወስድ በር ይከፈታል የሚል ትንቢት ድሮ ተነግሮ እስከ ዛሬ ይወራል። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ሲነሳ "የተነገረው ቃል ነው" ይላል፣ ቤተሰቡም አሜን ይላል። የምንልካቸው እጅ ጭነን ጸልየን ነው። ደላላው ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጦ እያየ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተከፈተ። በኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ሰው ሞቶ ተገኘ፣ የኛው አገር ሰዎች ናቸው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ማላዊ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። እነዚያ ሳምንታት በእኛ ሰፈር ስልክ ሲጮህ ሁሉም ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄን ልኬ የነበርኩ እኔ ነኝ። የእኔ በሕይወት አለ፣ ጆሃንስበርግ አካባቢ ሱቅ ይሠራል። ግን ከዚያ በኋላ እጅ ጭኜ መሸኘት አቃተኝ። ሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ "ከመጸለያችን በፊት ማን እንደሚወስደው፣ ስንት እንደከፈለ፣ በየት እንደሚያልፍ እንጠይቅ" ብዬ ተናገርኩ። "እምነት የለህም" ያሉኝ አሉ። አንድ ሽማግሌ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ጠርቶኝ የራሱ ልጅ ታንዛኒያ እስር ቤት እንዳለ ነገረኝ። ለማንም አልተናገረም ነበር።

ዘኮምቦልቻ

@ከሆሳዕና፣ "ለማንም አልተናገረም ነበር" ያልከው ገደለኝ። እኛም ጋ እንዲሁ ነው። የሞተ ልጅ ይለቀስለታል፣ የተሸጠ ልጅ ግን ይደበቃል።

ወንድሜን ፍለጋ

የእኔ ወንድም በመተማ ነው የወጣው። ካርቱም ሲደርስ ሰላም ነኝ አለን። ከዚያ ሊቢያ፣ በኒ ወሊድ። ስልኩ ሲደወል የወንድሜን ጩኸት ነው የሰማነው። ፕላስቲክ እያቀለጡ ጀርባው ላይ ያንጠባጥቡ ነበር። እናቴ ስልኩን ይዛ ወደቀች።

ገንዘቡን ያሰባሰበልን አጥቢያው ነው። ዕድሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ታክሲ ላይ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ። ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላ ተዘርግቶ ብር ተጣለልን። ወንድሜ ወጣ። ዛሬ አለ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። እኛ በላክነው ብር ነው ቀጣዩን ልጅ የገዙት? አንድ ሰው ፊት ለፊት "እናንተ ናችሁ ገበያውን ያሞቃችሁት" ብሎኛል። ምን ልመልስ? እናቴን "አትክፈይ" በላት እስቲ።

እና ደላላዎቹ አይነኩም አትበሉ። በኒ ወሊድ ላይ ሰው በማሰቃየት ከሚታወቁት አንዱ፣ ኪዳነ ዘካርያስ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው የተያዘው። ያወቀው እሱ ያሠቃየው ልጅ ነው፣ መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ ጠቆመ። ችሎት ላይ እያለ አመለጠ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ተያዘ። "ወሊድ" የሚባለው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 18 ዓመት ተፈርዶበት በኋላ ለኔዘርላንድ ተላልፎ ተሰጠ። ያንን የጠቆመውን ልጅ አስቡት። እየተንቀጠቀጠ መሆን አለበት።

ዲያቆን ነኝ

ወንድሜ፣ ስለ መክፈሉ ልቦናህ አይታወክ። ቅዱስ አምብሮስ ዘሚላን በአራተኛው መቶ ዘመን፣ ከጦርነት በኋላ የተማረኩ ሰዎችን ለማስለቀቅ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ከፍሏል። ተከሰሰበት። መልሱ በአጭሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ያላት ልታስቀምጠው ሳይሆን ለችግረኛ ልታወጣው ነው የሚል ነው። ስለዚህ ጃንጥላ የዘረጋችሁት በቀደመው መንገድ ነው። የሰው ነፍስ ገበያ ላይ ያወጣው አጋቹ ነው፣ እናትህ አይደለችም።

የምቆጨው በሌላ ነው። ጃንጥላው የሚዘረጋው ልጁ ከታገተ በኋላ ነው። ሳይሄድ በፊት፣ አባቱ በሬውን ሊሸጥ ሲያስማማ፣ ማንም የሚዘረጋለት የለም። ያኔ ከተሰበሰበልህ ብር ሩቡ ቢሰጠው ምናልባት አንድ ነገር ይጀምር ነበር። የንስሐ አባቶችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ያውቃሉ፣ ማን ሊሄድ እንደተነሳ፣ ማን እንደሚወስደው። ይህን እኔም ለአለቃችን ተናግሬያለሁ፣ ገና መልስ አላገኘሁም።

ደላላው ከራሳችን ማኅበር ከሆነ ደግሞ፣ እህቴ ዘኮምቦልቻ፣ ዝም ማለት ምሕረት አይደለም። ዘጸአት 21፥16 ሰውን ሰርቆ የሸጠ ይገደል ይላል። ዛሬ ማንም ይገደል አንልም፣ እግዚአብሔር ግን ነገሩን በምን ሚዛን እንደሚያየው ግልጽ ነው። አስራት ብታወጣም፣ ጉልላት ብታሠራም።

ፌሎ የነበርኩ

ይሄ የገጠር ልጅ ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ጓደኛዬ ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ልጅ ነው፣ ካምፓስ ፌሎሺፕ ውስጥ አብረን አምልኮ እንመራ ነበር። በቴሌግራም "ታይላንድ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ እንግሊዝኛ የሚችል" የሚል ማስታወቂያ አየ። ኢንተርቪው በቪዲዮ አደረጉለት፣ ትኬት ላኩለት። ስንጸልይለት "በር ተከፈተ" ብለን ነው። ባንኮክ ሲደርስ መኪና ተቀበለው። ሌሊቱን ሙሉ ተነድቶ ወንዝ ተሻገረ። ሚያንማር ነበር።

እዚያ ያለው ሥራ በኢንተርኔት ሰው መስሎ ሰው ማጭበርበር ነው። የውጭ አገር ሴት ፎቶ ይሰጡሃል፣ በሷ ስም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች ጋር ፍቅር ትጫወታለህ፣ ከዚያ ገንዘባቸውን "ኢንቨስት" ታስደርጋቸዋለህ። በቀን የሚጠበቅብህን ካላመጣህ በኤሌክትሪክ ይነዝሩሃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ጦር ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እሱም ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነው የወጣው።

አሁን ቤቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ የጌታ እራት ሲሆን ግን ተነስቶ ይወጣል። "አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች፣ ያላትን ሁሉ ነው የወሰድኩባት" አለኝ። ተገድደህ ነው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ምን ብዬ ልርዳው?

ሰባት ዓመት ሪያድ

ወንድሜ፣ "ተገድደህ ነው" አትበለው፣ እሱም ያውቀዋል። ዝም ብለህ አብረኸው ውጣ። እራቱ ሲጀመር ተነስቶ ሲወጣ አንተም ተነስተህ ውጭ አጠገቡ ተቀመጥ። እኔን እንደዚያ ያደረገችልኝ አንዲት ሴት ነበረች። ሌላው በጊዜው ይመጣል፣ ሐኪምም ያስፈልገዋል፣ የአእምሮ ሐኪም ማለቴ ነው። ጸሎቱን ትቶ ሳይሆን ጨምሮ።

ከጀሞ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጠበቃው "ድንበር መሻገር የግድ አይደለም" ያልከው ጋ ስደርስ እጄ ቀዘቀዘ። ቤቴ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ከጎጃም ናት። 13 ዓመቴ ነው ትላለች። ከሁለት ዓመት በፊት "አክስቷ ነኝ" ያለች ሴት አመጣችልኝ። ደመወዟን በየወሩ የምትወስደው አክስቷ ናት፣ ለእናቷ እልካለሁ ትላለች። ልጅቷ ከልጆቼ ጋር ትበላለች፣ ልብስ እገዛላታለሁ፣ ተሳድቤባት አላውቅም። "እንደ ልጄ ናት" እያልኩ ነው ለሰው የምናገረው። ዛሬ ጠዋት ግን ልጆቼን ለትምህርት ቤት ሳዘጋጅ ምሳቸውን የቋጠረችው እሷ ናት። እንደ ልጄ ብትሆን ቦርሳ ይዛ አብራቸው ትወጣ ነበር። ማታ ስለ እናቷ ጠየቅኳት። ከመጣች ጀምሮ አንድም ቀን በስልክ አላወራቻትም። ምን ላድርግ? ብመልሳት ለዚያች ሴት ነው የምመልሳት።

ጠበቃ ነኝ

እህቴ፣ መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያ ለዚያች ሴት እንዳትሰጫት። አንድ ቀን ከአንቺ ወስዳ ሌላ ቤት ታስገባታለች፣ ሌላው ቤት እንዳንቺ ላይሆን ይችላል። ይህን ዕድሜ ያለች ልጅ ቀጥረሽ በማሠራትሽ ፈርተሽ ነገሩን ልትደብቂው ይዳዳሽ ይሆናል። አትደብቂው። የወረዳሽ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፣ ፖሊስ ጣቢያም የሕፃናት ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለ። ሴትየዋን በተመለከተ ቃል ስጪ፣ አንቺ ጋ ብቻ አይደለም ያመጣችው። የሁለት ዓመቱን ደመወዝ ደግሞ አስቢ፣ "ለአክስቷ ከፍያለሁ" ማለት ለልጅቷ ከፍያለሁ ማለት አይደለም። በስሟ ሊቀመጥ ይገባል።

ከጀሞ

እሺ። ሰኞ እሄዳለሁ። ገንዘቡንም አስቤ ጨርሻለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ግን እናቷን እንዴት ነው የማገኛት? ወረዳዋን አታውቀውም። "ከደጀን በታች" ነው የምትለው፣ ሌላ የለም።

ዘኮምቦልቻ

ታቦቱን ጠይቂያት። ልጅ ወረዳዋን ላታውቅ ትችላለች፣ በዓል የሚያነግሡትን ታቦት ግን አትረሳም። የደብሩን ስም ካወቅሽ ሀገረ ስብከቱ ጋ ትደውያለሽ፣ እነሱ የአጥቢያውን ቄስ ያውቃሉ። ከእኛ ልጅ ጋር የነበሩ ሌሎች ተመላሾችን ከቤተሰቦቻቸው ጋር እንዲህ ነው ያገናኘናቸው።

ዲያቆን ነኝ

ልክ ነው። እኔም እረዳለሁ፣ በዚያ አካባቢ አብረውኝ ያገለገሉ አሉ። የደብሩን ስምና የምታስታውሰውን ወንዝ ወይም ገበያ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የልጅቷን ስም እዚህ አታውጪው።

ከጀሞ

ይቅርታ፣ አራት ቀን ቆየሁ። ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ፣ መዝግበውኛል፣ ፖሊስ ሴትየዋን እየፈለጋት ነው፣ ስልኳ ዝግ ነው። ልጅቷ ለጊዜው እኔ ጋ ትቆይ ተብሏል፣ በየጊዜው እየመጡ ያዩዋታል። ትምህርት ቤትም እያነጋገርኩ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው።

ታቦቱን ስጠይቃት ወዲያው "ተክለ ሃይማኖት" አለችኝ፣ የሚነግሡበትን ቀን፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ገበያ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ዲያቆኑ በሁለት ቀን ቄሱን አገኛቸው። እናቷ ስልክ የላትም። እሑድ ለቅዳሴ ስትመጣ ቄሱ በራሳቸው ስልክ ያገናኙናል። እናትየው ልጇ ትምህርት ቤት ያለች ነው የሚመስላት አሉ። አንድም ብር አልደረሳትም።

ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ፀጉሯን ሥሪኝ እያለችኝ ነው። በስልክ እኮ አታይሽም ብላት "ይሁን፣ ሥሪኝ" አለች። አሁን እየሠራኋት ነው የምጽፈው።